በሦስት እግር

በሐምሌ ጅማ ላይ ሌሊቱ አይነጋም፣
ይነጣል ብቻ እንጂ፤ ቀን አይባል ማታም።
ከአዌቱ ወጥቶ ጉም አጥሩን ተሻግሮ
ኮፈኖ ሥር ያድራል ከሞተር ጋር አብሮ።

ስድሳ በርጩማ ጭኛለሁ ለሰርቦ ገበያ፤
ቁልፉን አዞራለሁ፤ ሳል፤ ዝምታ፤ ከዚያ
ደግሞ ሳል፤ ደግሞ ሳል። ከተነሳችም እንኳ
ታነክሳለች እንጂ አትረግጥም በልኳ።
የጫንኩት በርጩማ እግሩ ሦስት ብቻ ነው፤
ቆሞ አይወላገድ፣ ጠራቢው ልኩን ያወቀው።
ዳይናዬ በአራት ሲሊንደር ተወልዳ
አንዱ ሲያኮርፍባት ሦስቱ ሆኑባት ዕዳ።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው ለመኪና።
«ቤንዚኑ ውሃ አለው» አለ ሻፊ፣ ቀና
ብሎ ሳያይ እንኳ። ታንኩን ገለበጥኩ፣
ቤንዚኑን በሻሽ ጨርቅ ሁለቴ አጠለልኩ።
«ካርቦራቶሯ ነው» አለ ሌላው። ገዛሁ፤
የዘይቱናን ሁለት በግ ገበያ ነዳሁ።
«ዓይን ነው» አለች እሷ፣ በጎቿን ስትሸኝ።
እሱን አልሞከርኩም፤ ዋጋውን የነገረኝ
ሰው ስላልነበረ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ቀትር ላይ ፀሐይ ብልጭ ስትል
ትድናለች። የጅሬንን ዳገት እየዘፈነች ትወጣለች፤
እኔም የጠዋቱን ስድብ እረሳላታለሁ፣
እስከ ማግስቱ ጠዋት።

ሲራጅ አባ ፎጊ፣ አጂፕ ጋ፣ ጋራዡ በር ላይ
ቁልፍ አላነሳም። እጁን እንኳ ከኪሱ አላወጣም።
«መቼ ነው የምታስለው?»
«ጠዋት።»
«ዝናብ ሳይጥል ባደረ ቀንስ?»
ዝም አልኩ። ያወጣሁትን ብር ሁሉ ቆጥሬ
ያንን አልቆጠርኩም ነበር።
«ማታ አምጣት።»
«ማታ ምን ይታያል?»
«ማታ ብቻ የሚታይ ነገር።»

መሸ። አምፖሉን አጠፋ፤ ኮፈኖውን ከፈተ፤
«አስነሳት» አለኝ።
ከጆግ ውሃ ተጎንጭቶ፣ ካውያ እንደሚተኩስ ሰው፣
ፉፍ! አርከፈከፈባት።
ተንተባተበች። ያኔ አየሁት፦
ከሦስተኛው ሽቦ ሥር ሰማያዊ፣ ቀጭን፣
እንደ ጉንዳን ሰልፍ የሚርመሰመስ እሳት
ካንዴላውን ትቶ ወደ ብረቱ ሲፈስ፤
ከዲስትሪቡተሩ ቆብ ላይ ደግሞ ሌላ፣ ትንሽ፣
የሕፃን ጥፍር የምታህል።
አስቀያሚ ነው ብል እዋሻለሁ።
ሁለት በጌን የበላው እሱ ነበር፤ አምሮበት ነበር።

«እሳቷ ደህና ነው» አለ ሲራጅ፣ አፉን እየጠረገ፤
«እርጥብ መንገድ አሳጥሮበት ነው።»

አምፖሉን አበራ። ቆቡን ፈታው፤
ውስጡ አልቦታል፣ እንደ ድስት ክዳን፤
ከላቡ ሥር ስንጥቅ፣ ፀጉር የማታህል፣
በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል።
ከሞተች ሌላ ዳይና ቆብ ነቀለልኝ፤
ከሰል ዳር አሞቀው፤ ጥርሶቹን በብርጭቆ ወረቀት
ቀስ አድርጎ፣ ያመዋል እንዳለው ሰው፣ ፈተገለት።
ሽቦውን ቀየረ። ከከመነዳሪ ቆርጦ
የጎማ ቀሚስ አለበሰው።
«ክረምቱን አታውልቅበት። ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ያዝ።»

ሒሳቡን ነገረኝ፦ የቆቡ፣ የሽቦው፤
ከነሱ የሚበልጥ ደግሞ ሌላ።
«ይኼኛውስ የምንድን ነው?»
«የጨለማው።»
ከፈልኩ።

በማግስቱም ጉሙ እዚያው ነበር፤ ጅማ መቼ ትቀየራለች።
ቁልፉን አዞርኩ። አራቱም በአንድ አፍ መለሱ።
እስከ ሰርቦ ድረስ ሬዲዮ አልከፈትኩም፤
ሳሏን ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣
ከኋላ በርጩማዎቹ እርስ በርስ ሲንኳኩ።

አንዱን ገዝቼ ማታ ለዘይቱና አመጣሁላት።
ተቀመጠችበት። አልተወላገደም።
«በጎቼስ?» አለችኝ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።
ጨርቄን ይዤ ወጣሁ።